ቤት ተሽጦ የሚገዛው መርፌ፦ ስለ ግሮውዝ ፋክተርና ስለተጎዳ ህብለ ሰረሰር

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ የድሬዳዋ ነዋሪ ናቸው። የ26 ዓመት ወንድማቸው የአይሱዙ ረዳት ሆኖ ይሠራ ነበር። ከስምንት ወር በፊት ደንገጎ ላይ መኪናው ተገልብጦ አሥረኛው የደረት አከርካሪው ተሰበረ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ብረት ገብቶለታል፤ ከእምብርቱ በታች ግን አይሰማውም፣ ማንቀሳቀስም አይችልም። የመውጫ ወረቀቱ ላይ «ኤሲያ ኤ» ተብሎ ተጽፏል፤ በህብለ ሰረሰር ጉዳት መለኪያ ሙሉ ጉዳት ማለት ነው። ውጭ አገር ያለ አንድ ክሊኒክ በስልክ «በግሮውዝ ፋክተር መርፌ ነርቩን መልሰን እናሳድጋለን» ስላላቸው ቤተሰቡ ገንደ ቆሬ ያለውን የእናታቸውን ቤት ለመሸጥ እየተመካከረ ነው። «ነገሩ እውነት ነው ወይ? ሌሊት ሌሊት እግሩ በራሱ ይንቀሳቀሳል፤ ክሊኒኩም ይህ ነርቩ እንዳልሞተ ምልክት ነው ብሎናል። ቤቱን እንሽጠው?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

እህቴ፣ ቤቱን አትሽጡ። መልሴን ከዚህ የጀመርኩት ነገሩ ጊዜ ስለማይሰጥ ነው፤ ቀብድ ከተቀበላችሁ በኋላ የሚመጣ ምክር ምንም አይረባም። «አትሽጡ» ብዬ ብተወው ግን እርስዎንም ወንድምዎንም ማቃለል ይሆንብኛል። ክሊኒኩ የጠራው ነገር ከባዶ የተፈጠረ ወሬ አይደለም። ግሮውዝ ፋክተር የሚባል ነገር አለ፤ ነርቭም ያሳድጋል፤ ከ70 ዓመት በላይ ሲጠና የኖረ ነው። እዚህ ሐረር በነርቭ ቀዶ ሕክምና ስሠራ ይህን ጥያቄ ከብዙ ቤተሰብ ስለምሰማ ሳላቻኩል ልመልስልዎት።

ግሮውዝ ፋክተሮች ሰውነታችን ራሱ የሚሠራቸው ፕሮቲኖች ናቸው። አንዱ ሕዋስ ያመነጫቸዋል፤ ሌላው ላዩ ላይ ባለው ተቀባይ ይይዛቸዋል፤ ከዚያ ሕዋሱ እንዲኖር፣ እንዲያድግ ወይም እንዲከፋፈል ትእዛዝ ወደ ውስጥ ይተላለፋል። ለነርቭ የሚሠራው የመጀመሪያው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው። ጣሊያናዊቷ ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ የአይጥ የካንሰር ዕጢ በጫጩት ፅንስ ላይ ስትተክል የፅንሱ ነርቮች ከመጠን በላይ እያደጉ ወደ ዕጢው ሲገቡ አየች። ስታንሊ ኮኸን ደግሞ ይህን የሚያደርገውን ፕሮቲን ለይቶ አወጣ። «ኤንጂኤፍ» የሚባለው እርሱ ነው፤ በ1986 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተሸልመውበታል። በ1982 ከአሳማ አንጎል «ቢዲኤንኤፍ» ተለየ፤ ቀጥሎ «ኤንቲ-3»፣ «ጂዲኤንኤፍ» እና ሌሎችም መጡ። እያንዳንዱ የሚሠራበት የነርቭ ዓይነት የተለያየ ነው። አንዱ የሕመም ስሜት የሚያመላልሱትን ነርቮች ሲያነቃ ሌላው የእንቅስቃሴዎቹን ይደግፋል። ስለዚህ አንድ ሰው በደፈናው «ግሮውዝ ፋክተር እንሰጣለን» ካለ የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛውን?» መሆን አለበት።

እጅ ላይ የተቆረጠ ነርቭ በሚገባ ከተሰፋ በቀን አንድ ሚሊሜትር ገደማ እያደገ ወደ ጣት መመለስ ይችላል። በህብለ ሰረሰር ውስጥ ያሉት የነርቭ ክሮች ግን ሲቆረጡ ትንሽ ይሞክሩና ያቆማሉ። ለረጅም ጊዜ ሰው ሁሉ ክሮቹ በተፈጥሯቸው ማደግ አይችሉም ብሎ ያምን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ሞንትሪያል ውስጥ አልበርት አጉዋዮና ሳሙኤል ዴቪድ ከአይጥ እግር የወሰዱትን ነርቭ እንደ መሸጋገሪያ አድርገው ህብለ ሰረሰሩ ላይ ቢተክሉት፣ አያድጉም የተባሉት ክሮች በተተከለው ነርቭ ውስጥ እስከ 30 ሚሊሜትር ድረስ አደጉ። ክሮቹ አቅም ነበራቸው ማለት ነው፤ የሚከለክላቸው አካባቢያቸው ነበር። አይጦቹ ግን በዚህ ብቻ አልዳኑም፤ ክሮቹ ከመሸጋገሪያው ወጥተው እንደገና ወደ ህብለ ሰረሰሩ ሲገቡ ብዙም ሳይርቁ ቆሙ።

ከልካዩ ብዙ ነው። ክሮቹን የሚሸፍነው ማየሊን ውስጥ «ኖጎ» የሚባል እድገት የሚያግድ ፕሮቲን አለ። የተጎዳው ቦታ ዙሪያ ጠባሳ ይሠራል፤ በጠባሳው ውስጥም ክር እንዳያልፍ የሚያደርጉ ሞለኪውሎች ይከማቻሉ። መሃሉ ላይ ብዙ ጊዜ ፈሳሽ የሞላው ባዶ ቦታ ይቀራል። በዚህ ላይ የጎልማሳ ሰው የነርቭ ሕዋስ በፅንስነቱ የነበረውን የማደግ ፍጥነት አጥፍቶታል። ግሮውዝ ፋክተር የሚነካው ከእነዚህ ሁሉ አንዱን ወይም ሁለቱን ነው። በ1994 ዙሪክ ውስጥ የማርቲን ሽዋብ ቡድን ይህን በግልጽ አሳየ። ኤንቲ-3 ብቻውን ሲሰጥ በአይጦቹ የተቆረጡት ክሮች አቆጠቆጡ፤ ርቀው የሄዱት ግን ከኖጎ ተከላካይ አንቲቦዲ (ኖጎን ይዞ ሥራውን የሚያግድ ፕሮቲን) ጋር ሲሰጥ ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ልግባ፤ ስለ መርፌው ሲያወሩ የሚዘሉት ይህን ነውና። እነዚህ ፕሮቲኖች ትልልቅ ናቸው። ደም ውስጥ ቢወጉ በአንጎልና በህብለ ሰረሰር ዙሪያ ያለውን አጥር አልፈው በበቂ መጠን አይገቡም፤ ቢዲኤንኤፍ ደግሞ ደም ውስጥ በደቂቃዎች ይጠፋል። (በእንክብል ወይም በዱቄት የሚሸጠው ከዚህም የራቀ ነው፤ ፕሮቲን ስለሆነ ጨጓራ እንደ ሥጋ ይፈጨዋል።) በአከርካሪ አጥንቶች መሃል በህብለ ሰረሰሩ ዙሪያ ወዳለው ፈሳሽ ቢሰጡ ይገባሉ፤ ግን የተፈለገው ቦታ ላይ ብቻ አይቀሩም። በ1990ዎቹ ኤንጂኤፍ ወደ አንጎል ፈሳሽ የተሰጣቸው ጥቂት የአልዛይመር ሕመምተኞች የጀርባ ሕመም ይዟቸው ክብደታቸው ቀንሶ ሙከራው ቆመ። በአይጦች ላይም ኤንጂኤፍ በህብለ ሰረሰር ውስጥ ሲበዛ ያቆጠቆጡት የሕመም ነርቮች ሆኑ። አስቡት፤ እግሩ ሳይንቀሳቀስ ሌት ተቀን የሚያቃጥል ሕመም ብቻ ቢጨመርለት! ቢዲኤንኤፍም በአንዳንድ የእንስሳት ሙከራዎች የጡንቻ መወጠርን አባብሷል።

ሌላም አለ። ክሮቹ ወደሚወዱት ፕሮቲን ያድጋሉ፤ ግን እዚያው ይቀራሉ። በበረሃ ውሃ ያገኘ የግመል መንጋ ጉድጓዱን ትቶ እንደማይሄድ፣ ክሮቹም መድኃኒቱ የበዛበት ቦታ ላይ ተጠላልፈው ይከማቻሉ እንጂ ወደ ወገብ አይወርዱም። ስለዚህ አሁን የተመራማሪዎቹ ጭንቀት ክሩን ማሳደግ ብቻ አይደለም፤ ትክክለኛው ክር ትክክለኛውን መንገድ ይዞ፣ ሊያገኘው የሚገባውን ሕዋስ አግኝቶ እንዲገናኝ ማድረግ ነው።

ይህን የሚያሳዩ ሁለት ሥራዎች አሉ፤ እኔን ከሁሉ በላይ ያስደሰቱኝም ያስተማሩኝም እነዚህ ናቸው። በ2018 ማይክል ሶፍሮኒው እና ግሬጉዋር ኩርቲን ያሉበት ቡድን ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ አደረገ። የሕዋሱን የእድገት አቅም በጂን አነቃቃ፤ ጉዳቱ ቦታ ላይ ክሩ የሚይዘው መደገፊያ በግሮውዝ ፋክተር አዘጋጀ፤ ከጉዳቱ ማዶ ደግሞ የሚስበውን ጂዲኤንኤፍ አኖረ። ክሮቹ ሙሉ በሙሉ የተቋረጠውን ቦታ አልፈው አደጉ፤ የኤሌክትሪክ ምልክትም አስተላለፉ። አይጦቹ ግን አልተራመዱም። በ2023 ይኸው ቡድን ለመራመድ የሚያስፈልጉትን የነርቭ ሕዋሳት ለይቶ፣ ክሮቻቸውን በተፈጥሮ ይደርሱበት ወደነበረው የወገብ ክፍል መራቸው። በዚህ ጊዜ አይጦቹ ተራመዱ። ልዩነቱን ያስተውሉ፤ በሁለቱም ጊዜ ክር አድጓል፤ እግር የተነሣው ግን ክሩ ቤቱን ሲያገኝ ነው። ይህ የተደረገው በትንንሽ አይጦች፣ ጉዳቱ በሚታወቅ ቦታ ላይ ሆኖ ነው። በእንዲህ ዓይነት ሙከራዎች በአብዛኞቹ ሕክምናው የሚጀመረው ከጉዳቱ በፊት ወይም ከጉዳቱ በኋላ ባሉት ቀናት ውስጥ ነው። የወንድምዎ ጉዳት ስምንት ወር ሆኖታል፤ ህብለ ሰረሰሩም ከአይጥ ጋር የማይወዳደር ርዝመት አለው።

በሰው ላይስ? ተሞክሯል፤ በቅን ልቦና፣ በጥንቃቄ። ጃፓን ውስጥ «ኤችጂኤፍ» የሚባለው ፕሮቲን አንገታቸው ለተጎዳ ሰዎች በወገብ በኩል ተሰጥቷል፤ የመጀመሪያው ሙከራ ደህንነቱን በማየት ላይ ያተኮረ ነበር፣ መስጠት የተጀመረውም ጉዳቱ ከደረሰ በሦስት ቀን ገደማ ነው። እዚያው ጃፓን «ጂሲኤስኤፍ» የተባለው ሌላ ፕሮቲን በመጀመሪያዎቹ ጥናቶች ተስፋ ሰጥቶ ነበር፤ ውጤቱ በ2021 በታተመው ትልቅ ሙከራ፣ ማን መድኃኒቱን ማን ማስመሰያውን (መድኃኒት የሌለበትን) እንደወሰደ ሳይታወቅ ሲወዳደር ግን የረባ ልዩነት አልታየም። በአውሮፓ የኖጎ ተከላካዩ አንቲቦዲ አንገታቸው ለተጎዳ ሰዎች ተሰጥቶ ውጤቱ በ2024 ወጣ፤ ዋናው ግብ አልተመታም፣ ጉዳታቸው ከፊል በሆነባቸው ሰዎች ላይ ግን ሊከተሉት የሚገባ ምልክት ታይቷል። ከነዚህ ቀደም ብሎ ደግሞ ቢዲኤንኤፍ ኤኤልኤስ በሚባለው የነርቭ በሽታ ከ1,100 በላይ ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ1999 አለመሥራቱ ታትሟል። በአይጥ የተገኘው በሰው ሲቀር እንዲህ ደጋግሞ አይተነዋል።

እስካሁን የህብለ ሰረሰር ጉዳትን ለማዳን በሥራ ላይ የዋለ፣ ጥቅሙ የተረጋገጠ የግሮውዝ ፋክተር ሕክምና የለም። ለስምንት ወር ጉዳት ይቅርና ለስምንት ሰዓቱም የለም። ይህን ስጽፍልዎት ልቤ እያዘነ ነው፤ ግን በዚህ ላይ ቃሌን ማለስለስ አልችልም።

ታዲያ ክሊኒኩ የሚወጋው ምንድን ነው? ወረቀታቸውን ስላላየሁ ስለ እነርሱ አልፈርድም። ብዙ ቦታ ግን በዚህ ስም የሚሰጠው ከሕመምተኛው ከራሱ ክንድ የተቀዳ ደም ተሽከርክሮ የሚወጣው፣ ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ጥቃቅን የደም ክፍሎች) የበዛበት ፈሳሽ ነው። ግሮውዝ ፋክተር አለበት፣ ውሸት አይደለም። ለጉልበትና ለጅማት የሚጠቀሙበት ሐኪሞችም አሉ። የተቋረጠ ህብለ ሰረሰር እንደሚያገናኝ ግን ማስረጃ የለውም። ሌሎች ደግሞ ከሕዋስ ንቅለ ተከላ ጋር ያደርጉታል፤ ይሄኛው ያስፈራኛል። በ2014 በታተመ አንድ የሕክምና ዘገባ፣ ህብለ ሰረሰሯ የተጎዳ ወጣት ውጭ አገር ሄዳ ከአፍንጫ ውስጥ የተወሰደ ሕዋስ ተተክሎላት፣ ከስምንት ዓመት በኋላ በጀርባዋ ሕመም መጣች። ሲከፈት የአፍንጫ ንፍጥ የመሰለ ነገር የሚያመነጭ እብጠት ህብለ ሰረሰሯ ውስጥ ተገኘ። «እደግ» የሚል ትእዛዝ ያለ ልጓም ሲሰጥ የሚያድገው ሁልጊዜ የተፈለገው አይደለም።

ክሊኒኩን በጽሑፍ ይጠይቁ። የፕሮቲኑ ስም ምንድን ነው? በየት በኩል ነው የሚወጋው? ከስምንት ወር በላይ የቆየ ሙሉ ጉዳት ባለባቸው ሰዎች፣ ከማስመሰያ ጋር ተወዳድሮ የታተመ ውጤት አላቸው? ወንድምዎ ድሬ ተመልሶ ትኩሳት ቢይዘው ወይም ማጅራቱ ቢገተር ኃላፊነቱ የማን ነው? «ምርምር ነው» ካሉዎት ደግሞ ለምን እንደሚያስከፍሉ ይጠይቁ፤ ትክክለኛ ክሊኒካዊ ሙከራ በአብዛኛው ሕመምተኛውን መድኃኒቱን አያስከፍለውም። በኢንተርኔት የሙከራዎች መዝገብ ላይ ስማችን አለ ማለታቸውም አይበቃም፤ እዚያ መመዝገብ ፈቃድ ማግኘት አይደለም። የዳኑ ሰዎች ቪዲዮ ከላኩ፣ ጉዳታቸው ከፊል ከሆኑ ሰዎች ብዙዎቹ በመጀመሪያው ዓመት ያለ ምንም መርፌ እንደሚሻሻሉ ያስታውሱ። በሦስተኛው ወር የተወጋ በስድስተኛው ቢቆም ምስጋናውን መርፌው ይወስደዋል።

የሌሊቱን የእግር እንቅስቃሴ በሚመለከት፣ ከፊሉን እውነት ነግረዋችኋል። ከጉዳቱ በታች ያለው የህብለ ሰረሰር ክፍል ሕይወት አለው፤ የራሱ ምላሽም አለው። ብርድ ልብስ ሲነካው፣ ፊኛው ሲሞላ፣ ተረከዙ ሲጫን እግሩን ያነሣዋል። ግን ትእዛዙ ከአንጎል አልመጣም፤ እርሱ «አንሣ» ብሎ ሲፈልግ የሚነሣ ከሆነ ነው ነገሩ የሚለወጠው። የእግሩ መንፈራገጥ ድንገት ከጨመረ ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት ወይም ያልታየ ቁስል ነውና ያንን ፈልጉ።

ይልቅ ያ «ኤሲያ ኤ» የተባለው መቼ እንደተመረመረ እፈልጋለሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ህብለ ሰረሰሩ ገና በድንጋጤ ላይ እያለ (ከጉዳቱ በኋላ ለጊዜው ሥራውን ባቆመበት ወቅት) ተመርምሮ ከሆነ እንደገና መታየት አለበት። ምርመራው የሚያበቃው በፊንጢጣ ዙሪያ ያለው ስሜትና ጡንቻ ሲታይ ነው፤ ብዙ ቦታ ይህ በእፍረት ይታለፋል። እዚያ ትንሽ ስሜት ካለ ጉዳቱ «ሙሉ» መባሉ ይቀራል፤ የፊዚዮቴራፒው ዕቅድም ይለወጣል።

አሁን ስለ ገንዘቡ። በ1944 ሉድቪግ ጉትማን እንግሊዝ ውስጥ ስቶክ ማንደቪል ላይ የህብለ ሰረሰር ክፍል ሲከፍት፣ እንዲህ የተጎዱ ሰዎች አብዛኞቹ ብዙም ሳይቆዩ ይሞቱ ነበር። የሚገድላቸው የአልጋ ቁስልና የሽንት ኢንፌክሽን ነበር። እርሱ የለወጠው ነርቩን አልነበረም፤ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ፊኛውን በንጽህና ማፍሰስ፣ ከአልጋ አስነሥቶ ሥራና ስፖርት ማስጀመር ነው። ሰዎቹ መኖር ጀመሩ። ዛሬም በእኛ ሆስፒታሎች የማየው ሞት በአብዛኛው ከዚሁ የሚመጣ ነው፤ ለዚህ ነው አጥብቄ የምናገረው።

ፊኛው ከሁሉ ይቀድማል። ተሰክቶ የሚውል ካቴተር ካለው፣ በየአራት እስከ ስድስት ሰዓቱ ራሱ እያስገባ ወደሚያፈሰው እንዲሸጋገር ሐኪሙን ጠይቁ፤ እጆቹ ጤነኛ ስለሆኑ በቀላሉ ይማረዋል። የሚሞላና የማይፈስ ፊኛ ቀስ ብሎ ኩላሊት ያበላሻል፤ ሲያበላሽ ደግሞ አያሳምመውም። በዓመት አንድ ጊዜ የኩላሊት አልትራሳውንድና የደም ምርመራ ያድርግ።

ቀጥሎ ቆዳው ነው። ድሬ ላይ በሙቀቱ ወራት በፕላስቲክ ፍራሽ ላይ ላብ ሲጠራቀም ቆዳ ቶሎ ይለሰልስና ይቆስላል። ጥጥ አንሶላ አድርጉለት፣ ማታም ጠዋትም መቀመጫውን፣ ጭራ አጥንቱንና ተረከዙን በመስታወት እዩ። ዊልቸር ላይ ሲሆን በየ15 እስከ 30 ደቂቃው በክንዱ ተደግፎ ራሱን ከፍ ያድርግ። ገንዘብ ካላችሁ ጥሩ የዊልቸር ትራስ ላይ አውሉት፤ ያ ትራስ ከማንኛውም መርፌ ይበልጣል። (ይህን ለምታነቡ ሌሎች፦ ጉዳቱ ከደረት መሃል በላይ የሆነ ሰው ከጉዳቱ በታች በደንብ ስለማያልበው የድሬ ቀትር ራሱ ያሳምመዋል፤ እርጥብ ጨርቅና ጥላ አታሳጡት። ራስ ምታት ከፊት ላብ ጋር ድንገት ቢይዘው ደግሞ ቁጭ አድርጉት፣ ካቴተሩ ታጥፎ እንደሆነ እዩ፣ ወዲያው ወደ ሐኪም ውሰዱት።)

ስለ በርጫም ልናገር፤ ጓደኞቹ ከቀትር በኋላ ሊጠይቁት እንደሚመጡ አውቃለሁ፤ መምጣታቸውም መድኃኒት ነው። ጫት ግን የፊኛውን አንገት ያጠብበታል፣ ሆዱን ያደርቅበታል። መከዳ ተደግፎ አራት ሰዓት በአንድ ጎን ሲቀመጥ የማይሰማው መቀመጫ ሥጋው ይሞታል። ቢተወው እመርጣለሁ። ካልተወው ግን ወለል ላይ አይቀመጥ፣ ሰዓት ተሞልቶ በየግማሽ ሰዓቱ ይነሣ፣ ሽንቱንም በሰዓቱ ያፍስስ። ይህን ለጓደኞቹም ንገሯቸው፤ ከእናንተ ይልቅ እነርሱን ይሰማል።

የእግሩ መገጣጠሚያዎች በየቀኑ ይዘርጉ፤ የተጣመመ ጉልበት ነገ ለሚመጣ ለማንኛውም ሕክምና በሩን ይዘጋል። ነገ ሊመጣ እንደሚችልም አምናለሁ፤ ግሮውዝ ፋክተር ብቻውን ሳይሆን ከጂን ሕክምና፣ ጠባሳ ከሚያላላ መድኃኒት፣ ከኤሌክትሪክ ማነቃቂያና ከብርቱ ልምምድ ጋር ተጣምሮ። ዓመቱን ግን አልናገርም። በዚያ ቀን የሚጠቅመው ኩላሊቱ የሚሠራ፣ ቆዳው ያልቆሰለ፣ መገጣጠሚያው ያልደረቀ ሰው ነው።

እርስዎ ያልጠየቁኝ ነገርም አለ፤ ወንድምዎም እርስዎን አይጠይቅዎትም። የ26 ዓመት ወጣት ስለ ትዳር፣ ስለ ግንኙነት፣ ስለ ልጅ ያስባል። ለዚህም መድኃኒት አለ፤ ልጅ የወለዱ ብዙዎች አሉ። ሲመጣ ለብቻው የሚያናግረኝ ጊዜ ስጡት።

ስትመጡ የመውጫ ወረቀቱን፣ የኤምአርአዩን ሲዲ፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች፣ እንዲሁም በየስንት ሰዓቱ ምን ያህል ሽንት እንደወጣ የሚያሳይ የሦስት ቀን መዝገብ ይዛችሁ ኑ። ክሊኒኩ በጽሑፍ መልስ ከላከላችሁ እርሱንም አምጡት፤ አብረን እናነበዋለን።